ኮሮና ወደ ገበሬው ቤት የገባው በገበያ በር ነው

«ገበሬ ምን ይሆናል? ችግር ቢመጣ ጎተራው ውስጥ ያለውን ይበላል» የሚለው የከተሜ አስተሳሰብ ዕድሜው ረጅም ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በተነገረ ማግስትም ይኸው አስተሳሰብ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። የአዲስ አበባ ሸማች ዘይት፣ ፓስታና ዱቄት ሊያከማች በየሱቁ ደጃፍ ሲሰለፍ፣ የሁሉም ዓይን ከተማው ላይ አረፈ። የቀን ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሆቴል አስተናጋጇ ምን ይበላሉ ተባለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገጠሩ ግን አየሩ ንጹሕ፣ ቤቱ የተራራቀ፣ እህሉም በእጁ ነው ተብሎ ታለፈ።

የሆነው ሌላ ነው። እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በመላ አገሪቱ በበሽታው መያዛቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎች ቁጥር 300 አይሞላም ነበር። አብዛኛው የገጠር ቀበሌ በኮሮና ታመመ የተባለ ሰው አላየም። ይሁን እንጂ በሽታው ሳይደርስ ችጋሩ ቀድሞ ደረሰ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም (ኢፍፕሪ)፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት በአካል ያነጋገሯቸውን የገጠር ቤተሰቦች፣ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ በስልክ መልሰው ጠይቀዋቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በወጣው በዚህ ጥናት መሠረት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ገቢያቸው መቀነሱን ተናግረዋል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ የቤተሰባቸውን የምግብ ፍላጎት የማሟላት አቅማቸው ከቀድሞው መድከሙን ገልጸዋል።

ለመሆኑ ቫይረሱ ያልደረሰበት ቤት እንዴት ተራበ?

ሻጭም ሸማችም የሆነው ገበሬ

መልሱ የሚጀምረው የገበሬውን የዓመት ሒሳብ ከመመልከት ነው። በመኸር የዘራውን በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባል። እህሉ አውድማ ላይ እያለ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የእድርና የማኅበር ወጪ፣ የልጆች ልብስ ይጠብቁታል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ በሚሸጥበት፣ ዋጋውም ዝቅ ባለበት ወቅት እሱም ይሸጣል። ማሳው ግማሽ ሄክታር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ገበሬ መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ጎተራው ይጎድላል። ከዚያ እስከ መስከረም ድረስ እህል ሸማች ነው። በታኅሣሥ በርካሽ የሸጠውን ማሽላ በሰኔ በውድ መልሶ ይገዛዋል። በስታቲስቲክስ መዝገብ ላይ «አምራች» ተብሎ የተጻፈው ሰው የዓመቱን ግማሽ የሚኖረው በሸመታ ነው ማለት ነው። የእህል ዋጋ በወጣ ቁጥር «ገበሬው ተጠቀመ» የሚለው የቢሮ አባባል ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሸመት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት ወይም ባሕር ዛፍ ከመሸጥ ነው፤ ከቀን ሥራ ነው፤ ከተማ ወይም ዐረብ አገር ያለች ልጅ ከምትልከው ነው። ኮሮና የደረሰው ልክ ይህ ገንዘብ በሚፈለግበት በመጋቢት ሲሆን፣ የመታውም እነዚህኑ የገንዘብ ምንጮች ነው። ጎተራውንማ ማን ነካው? ድሮም ባዶ ነበር።

በመጀመሪያ የተመታው መንገዱ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ትግራይ፣ አማራና ኦሮሚያ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖችን እንቅስቃሴ በየፊናቸው አገዱ። መጋቢት 30 ቀን የፌዴራሉ መንግሥት የአምስት ወር አስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። በኋላም አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ከመጫን አቅማቸው ግማሹን ብቻ ይዘው እንዲጓዙ ሲደረግ ታሪፉ በእጥፍ ወጣ። የጭነት መኪና ግን አልታገደም፤ ባለሥልጣናቱም «የእህል ዝውውር አልተነካም» ለማለት ያስቻላቸው ይኸው ነው። ነገሩን ከእህል በረንዳ ሆኖ ለሚያየው እውነት ይመስላል። ሃምሳ ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ያለው ነጋዴ በርግጥም ሥራውን አላቆመም። ነገር ግን አሥር ዶሮ በቅርጫት፣ ሁለት ጆንያ ድንች በአውቶቡስ ጣሪያ አድርጋ የምትነግደው ሴት የጭነት መኪና የላትም። ከገጠር ገበያ እንቁላልና ቅቤ ለቅሞ ወደ ከተማ የሚያደርሰው ሰብሳቢ ነጋዴም መንገደኛ ነው። ሕጉ ዕቃውን አሳልፎ ሰዎቹን አስቀረ። የድኻው ዕቃ ግን ከባለቤቱ ተለይቶ አይጓዝም።

ሰብሳቢው ነጋዴ ሲቀር በአካባቢው ገበያ ላይ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ያንሳል። በአንጻሩ ከሌላ አካባቢ የሚመጣው እህል ማጓጓዣው ስለጨመረ ይወደዳል። በዚህ ላይ በዚያ ዓመት የምግብ ዋጋ ንረት ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊትም ከ20 በመቶ በላይ እየጋለበ ነበር። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጉን 2,500 ብር ሸጦ ኩንታሉ 2,000 ብር የሆነ በቆሎ የሚሸምት ገበሬ በአንድ በግ 125 ኪሎ ያገኛል። በጉ ወደ 2,000 ቢወርድና በቆሎው ወደ 2,500 ቢወጣ የሚያገኘው 80 ኪሎ ብቻ ነው። በጉ ያው በግ ነው፤ ዝናቡም አልቀረ፤ አንበጣም አልበላው። ነገር ግን ከቤተሰቡ ምግብ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ በመንገድ ላይ ቀረ። የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ይህን የልውውጥ ሚዛን መዛባት ይሉታል። ገበሬው «ገበያው ከዳኝ» ይላል፤ አባባሉ ከምሩቃኑ የተሻለ ነው።

የጊዜው አጋጣሚም ክፉ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት መጨረሻ ገባ። ሁለት ወር ሙሉ በግና ወይፈን ሲያደልብ፣ እንቁላል ሲያጠራቅም፣ ቅቤ ሲንጥ የከረመ ገበሬ የሚጠብቀው ያቺን አንዲት ሳምንት ነው። ለደጋው ገበሬ የፋሲካ ገበያ ማለት ለቡና ላኪ የኒው ዮርክ ገበያ ማለት ነው። ያ ገበያ የዋለው መንገዱ በተዘጋበት፣ አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሁለት ሳምንት እንኳ ባልሞላበት ወቅት ነው። ያልተሸጠው ከብት አይሞትም፤ ይቆያል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ይቆያል፤ ግን እየበላ ነው የሚቆየው። ያውም የሣር ድርቆው ባለቀበት በሚያዝያ።

መቆየት የማይችል ዕቃ ያለውማ የባሰ ነው። የመቂና የዝዋይ አካባቢ ገበሬ ቲማቲሙን እንደ ጤፍ በጎተራ አያኖረውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሬ አትክልት ቫይረሱን ያስተላልፋል የሚል ወሬ በአዲስ አበባ ተናፍሶ ሸማቹን አስደንግጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ገበያ ሲዛወር ድንኳኑ ብቻ አይደለም የሚነሳው፤ ማን ለማን በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደላላ የየትኛውን ገበሬ ምርት እንደሚያነሳ የሚያውቀው የመተማመን መረብም አብሮ ይነቀላል። የዚህን ወጪ በስተመጨረሻ የሚሸከመው ምርቱ የሚበላሽበት ሰው ነው፤ እሱም ገበሬው ነው።

አርብቶ አደሩን የመታው ውሳኔ ደግሞ አዲስ አበባም አልተሰጠ። የሶማሌ ክልል በግና ፍየል በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሻገረው በአብዛኛው የሐጅን ወቅት ተከትሎ ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሐጅ ከውጭ አገር ለሚመጣ ሐጃጅ ዝግ ሆነ። የዓመቱ ትልቁ ገበያ በአንድ መግለጫ ቀረ። አርብቶ አደሩ ወተትና ሥጋ አለው ቢባልም ዕለት ዕለት የሚበላው ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር በፍየሉ ዋጋ የሚገዛ ነው።

ከዚሁ ከባሕረ ሰላጤው በኩል የመጣ ሌላ ዱላም አለ። በሚያዝያ ወር ሺዎች የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። ቤሩት ውስጥ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ከቤት ያስወጧቸው የቤት ሠራተኞች በቆንስላው ደጃፍ ላይ ሲያድሩ ዓለም አየ። እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ የወሎ፣ የጅማ፣ የአርሲ ገበሬ ልጆች ናቸው። የሚልኩት ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ላይ «የግል ሐዋላ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፋል። በሰፈራቸው ግን የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የማዳበሪያው ግዢና የሐምሌው ሸመታ ነው። የአበባ እርሻ ሠራተኞችም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ በመጋቢት የኔዘርላንድስ የአበባ ጨረታ ሲወድቅ የዝዋይና የሆለታ አካባቢ የገጠር ቤተሰብ ደመወዝ አብሮ ወደቀ።

የበረሃ አንበጣው ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባወጣው ግምት አንበጣው 200 ሺህ ሄክታር የሰብል መሬት ጎድቶ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ለእርዳታ ዳርጓል። ስለዚህ የዚያን ዓመት ጉዳት ሁሉ በኮሮና ማሳበብ አይቻልም። ልዩነቱ አንበጣ ያረፈበትን ማሳ ይበላል፤ ያላረፈበትን ይተዋል። የገበያ መዘጋት ግን የሁሉንም በር አንኳኳ።

በሬ፣ እጅ፣ ገበያ

ይህ አገር ከኮሮና በፊትም መቅሰፍት ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ተከተለ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ የወሰደው ሰውን ነው፤ ያውም እህል በሚታጨድበት ወር። በቀድሞው መቅሰፍት የተመታው የገበሬው ካፒታል ነው ቢባል፣ በኋለኛው የተመታው ጉልበቱ ነው። በኮሮና ጊዜ በሬውም ነበረ፣ እጁም ነበረ። የተቋረጠው ልውውጡ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገበያ ለገበሬው ጨውና አቡጀዲ የሚገዛበት ቦታ ነበር፤ ዛሬ እንጀራው የሚያልፍበት ቧንቧ ሆኗል። በመሆኑም የዛሬ ወረርሽኝ ለማስራብ መግደል አያስፈልገውም። ገበያተኛውን ቤቱ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

አገር ውስጥ እህል እያለ ሰው ሊራብ እንደሚችል ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ሥራቸው ሲያስረዱ ከመረጧቸው ምሳሌዎች አንዱ የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ መሆኑ ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል አልናረም ነበር። የወሎ ገበሬ ምርቱን ሲያጣ የሚገዛበትንም አቅም አብሮ ስላጣ፣ ገበያው የእሱን ርሃብ «ፍላጎት» ብሎ አልቆጠረለትም። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ በመጋዘን የሚቀመጥ እህል ብዛት ላይ ነው የቀረው። በ2012 ዓ.ም.ም መጀመሪያ የተጠየቀው «ስንት ኩንታል ስንዴ አለን?» የሚል ነበር። ገበሬው ግን የጎደለው ስንዴ ብቻ አልነበረም፤ መግዣው ነው።

የሴፍቲኔቱ ምስክርነት

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም የምሁር ክርክር በታለፈ ነበር። ዳሩ ግን ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ሁለት ዓይነት ቤተሰቦችን ለማወዳደር ዕድል ሰጥቷል። በልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉና ያልታቀፉ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች 8 ሚሊዮን ለሚደርሱ ሰዎች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይረዳል። ጥናቱ እንዳመለከተው ወረርሽኙ ከገባ በኋላ የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 መቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። በሴፍቲኔት ለታቀፉት ግን ጭማሪው 2.4 መቶኛ ነጥብ ብቻ ነው። ቤተሰቡ በቂ ምግብ ሳይኖረው የሚያሳልፈው ጊዜ በአጠቃላይ በ0.47 ወር ሲረዝም፣ ለሴፍቲኔት ተጠቃሚው የረዘመው በ0.13 ወር ነው።

ዜሮ ነጥብ አርባ ሰባት ወር ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ሳምንት ነው። ሆኖም በሴፍቲኔቱ በራሱ መለኪያ አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልገዋል። አምስት ሰው ላለበት ቤት እህሉ ብቻ 75 ኪሎ ነው። የሁለት ሳምንቱ ጉድለት 35 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በሰኔ መጨረሻ 35 ኪሎ እህል የጎደለበት አባወራ ልጆቹን ሁለት ሳምንት አያስጾምም። ወይ ጥጃ ይሸጣል፣ ወይ በአራጣ ይበደራል፣ ወይ ለማዳበሪያ ያስቀመጠውን ገንዘብ ይበላል። ሦስቱም የሚቀጥለውን ዓመት እህል አስቀድሞ መብላት ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ከጥናቱ ቁጥሮች ሁሉ ከባዱ የሚገኘው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ለእርሻ ግብዓት የሚያወጡትን ገንዘብ የመቀነሳቸው ዕድል ካልታቀፉት በ13 መቶኛ ነጥብ ያነሰ ነበር። ለጤናና ለትምህርት የሚያወጡትን የመቀነሳቸው ዕድል ደግሞ በ7.7 መቶኛ ነጥብ ያነሰ። ላለፉት ሃያ ዓመታት «ሴፍቲኔት ገበሬውን ጥገኛ አደረገው፤ እጁን ዘርግቶ እንዲቀመጥ አስተማረው» የሚል ክርክር ከወረዳ ስብሰባ እስከ ፓርላማ ሲሰማ ቆይቷል። በክፉው ዓመት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የመግዛት ወኔ ያልከዳው ግን ይኸው «ጥገኛ» የተባለው ገበሬ ነው። ጥገኝነት ማለት ይህ ከሆነ ቢበዛ ጥሩ ነበር።

ጥናቱ የራሱ ወሰን እንዳለው አይካድም። የተጠየቀው በስልክ ነው፤ የድኻ ድኻ የሆነው ቤት ደግሞ ስልክ የለውም። እናቶችና ሕፃናት የሚበሉት ምግብ በጥቅሉ ብዙም አልተለወጠም የሚለው ግኝትም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የምግቡ መጠን ቢጠበቅም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋን የመሳሰለው ግን በግልጽ ቀንሷል። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስቀረው ለሕፃኑ ዕድገት በብርቱ የሚያስፈልገውን ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት እስከ ተከታዩ ዓመት ጥቅምት ተዘግተው ስለቆዩ የትምህርት ቤት ምገባ ይደረግላቸው የነበሩ ልጆች ያቺንም አጥተዋል።

ይህም ሆኖ ሴፍቲኔቱን ከሚገባው በላይ ማወደስ አያስፈልግም፤ ዕድልም ረድቶታልና። ሥራ ለሚሠሩት የሴፍቲኔት ክፍያ የሚሰላው ከጥር እስከ ሰኔ ላሉት ስድስት ወራት ነው። ኮሮና የገባው በመጋቢት፣ የክፍያው ወቅት እኩሌታ ላይ ነው። መዝገቡ ተዘጋጅቷል፣ ስሙ ተጽፏል፣ በጀቱም ተለቋል። ወረርሽኙ ያን ያህል አመቺ ወር ባይመርጥና በሐምሌ ቢመጣ ኖሮስ? ያኔ መዝገቡ ተዘግቶ፣ ጎተራው ይበልጥ ባዶ ሆኖ፣ መንገዱም በዝናብ ተቆርጦ ያገኘው ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የረሃብ ወቅት ለአብዛኛው ተጠቃሚ ክፍያ የሌለበት ወቅት የሆነው ሰው በእርሻ ሥራው ላይ እንዲሆን ተብሎ ነው፤ ለጉልበቱ የታሰበ ነው። ለሆዱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ከሴፍቲኔቱ ውጪ የቀረውም አለ። የቀበሌው ኮሚቴ ኮታው ሲሞላ መዝገቡን ይዘጋል። ከመጨረሻው ተመዝጋቢ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት፣ አንድ በሬ ስላለው ብቻ የተሻለ ነው ተብሎ የቀረው፣ በደኅናው ዓመት ይኖራል። ገበያው ሲዘጋ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ጥናቱ ያሳየው የ11.7 ነጥብ ጭማሪ በብዛት የዚህ ዓይነቱ ሰው ታሪክ ነው። የሴፍቲኔቱ ጥቅም በይበልጥ የታየው በድኾቹና ከከተማ በራቁት ላይ መሆኑም ትርጉም አለው። ገበያው በራቀ መጠን አንድ ብር በእጅ መኖሩ የሚያመጣው ልዩነት ይሰፋል።

ክፍያው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዋጋ?

የኮሮና ገደብ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። የፕሮግራሙ አምስተኛ ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ድንገተኛ ችግር ሲመጣ ተጠቃሚውን እንዲያሰፋ የሚያስችል መጠባበቂያ አለው። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ከታለመለት ውጪ ዋለ በሚል ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቋርጠው ለወራት ቆዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ድርጅቱ ከሴፍቲኔቱ ነባር ለጋሾች አንዱ ነበር። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የነበረውን ያህል ትከሻ አያገኝም።

ለጋሽ ሲቀንስ የሚመጣው የመጀመሪያ ፈተና ተጠቃሚውን መቀነስ ይመስላል። ከዚያ የሚብሰው ግን በዝምታ የሚደረገው ቅነሳ ነው። የክፍያውን ብር ሳይነኩ ዋጋው እንዲበላው መተው። የሴፍቲኔት ክፍያ መሠረቱ 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው ከተባለ፣ ገንዘቡ በታኅሣሥ ዋጋ ተሰልቶ በሰኔ ዋጋ ሲሸመትበት 15ቱ ኪሎ አሥር ወይም አሥራ አንድ ይሆናል። ይህን ቅነሳ ማንም አልፈረመበትም፤ በማንም ሪፖርት ላይ አይወጣም። መዝገቡ ተጠቃሚው ሙሉ ክፍያ እንደተከፈለው ያሳያል። መፍትሔው አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይደለም። ክፍያው በየሁለት ወሩ በአካባቢው የእህል ዋጋ ይስተካከል፤ ወይም ተጠቃሚው በሚያዝያና በሰኔ መካከል እህል ወይስ ብር እንደሚሻል ራሱ ይምረጥ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የየሳምንቱን የገበያ ዋጋ ይመዘግባል፤ መዝገቡን የሚያነብ ነው የጠፋው።

ስለ አከፋፈሉም አንድ ነገር መባል አለበት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያን በስልክ ማድረግ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ተደርጎ ይወራል። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው በክፍያ ጣቢያ እንዳይጨናነቅ በርግጥ ይረዳል። ይሁንና በስልክ ውስጥ ያለ ብር ጤፍ የሚሆነው ወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ሲኖረው ወይም ባለሱቁ በስልክ ሲቀበል ነው። በወረዳው ከተማ ያለው ወኪል 50 ሺህ ብር ይዞ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቀን ቢመጣበት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ያለበት ከተማ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ የትም አይሄድም። የፌዴራሉ መንግሥት ለሕክምና ዕቃና ለነዳጅ መኪና የይለፍ ወረቀት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ለጥሬ ገንዘብ ማመላለሻና ለሰብሳቢ ነጋዴዎችም ቀድሞ የተዘጋጀ ይለፍ ሊኖር ይገባል። ባለ ሁለት ጆንያዋ ሴት ጭምር።

የሐምሌው ጉዳይ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ድንገተኛ ችግር በክረምት ቢከሰት የመጠባበቂያው በጀት በማን ፊርማ ይለቀቃል? ከሴፍቲኔት መዝገብ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ስም ከአሁኑ በተጠባባቂነት ይመዘገባል ወይስ ኮሚቴው ያኔ ይሰበሰባል? የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ክፍያ በስንት ቀን ውስጥ ቀበሌ ይደርሳል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የግብርና ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር በአንድ ገጽ መልስ ጽፈው ለየወረዳው ቢያወርዱ ወጪው የወረቀትና የቀለም ነው። ወረዳዎቹ የሚቀጥለውን ዓመት ተጠቃሚ ሲመዘግቡ፣ የተጠባባቂዎቹም ስም በዚያው መዝገብ ሊያዝ ይችላል።